ድረ ገጻችን የት ይደር? በአገር ውስጥ ወይስ በባሕር ማዶ

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በደብዳቤ ባዘዘኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነበር። እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። የተሰጠኝም ርእስ የአንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ በአገር ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል ወይስ በውጭ አገር የሚል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን መላልሼ ስመለከተው ጥያቄው ከመሐንዲሱ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ሆኖ አገኘሁት። መሐንዲሱ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠው የማን ውጤት፥ የማን ስም፥ የማን የድካም ፍሬ እንደ ሆነ የሚያውቁት ግን መምህሩና ሬጅስትራሩ ናቸው።

ነገሬን የምጀምረው በራሳችን ቤት ከደረሰው ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ማሠልጠኛችን የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሲከፍት፥ ሥራውን በደስታ የተቀበለው ከእኛው ዘንድ ተመርቆ በኋላ ወደ ውጭ አገር የሄደ አንድ ልጃችን ነበር። ገንዘብ አልጠየቀንም። በሚኖርበት አገር ካለ ኩባንያ ቦታ ተከራየ፤ ኪራዩን በራሱ የባንክ ካርድ ከፈለ፤ የገጹንም ስም በራሱ ስም አስመዘገበ። እኛም በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስሙን ጠርተን አጨበጨብንለት። ሦስት ዓመት ያህል ገጹ ያለ ችግር ሠራ። የክረምት ሠልጣኞች ውጤት፥ የፕራክቲከም ምደባ፥ መምህራን ያዘጋጇቸው ሞጁሎች ሁሉ በዚያ ላይ ይወጡ ጀመር። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፥ ያውም የክረምት ሠልጣኞች ውጤታችሁን ተመልከቱ ተብሎ ማስታወቂያ በወጣበት ሳምንት፥ ገጹ ጠፋ።

ምክንያቱ ሲጣራ እጅግ ተራ ነበር። የልጁ የባንክ ካርድ ዘመኑ አልፎ በሌላ ተተክቷል፤ ኩባንያው ኪራዩን ከአሮጌው ካርድ ሊቆርጥ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ ልጁ መክፈት ወደ ተወው የኢሜይል አድራሻ ሲልክ ከርሟል። ቀኑ ሲያልፍ እንደ ውሉ ሁሉንም ሰረዘው። ኩባንያው አላታለለንም፤ እኛን ከቶ አያውቀንም ነበርና። ልጁም አልበደለንም፤ ስንደውልለት በሌሊት ፈረቃ ሥራ ላይ ነበር፥ በማግሥቱ የሆነውን ሲሰማ እንደ ልጅ አለቀሰ። ጥፋቱ የእኛ፥ በተለይም ሰነዱ በማን ስም እንዳለ ሳንጠይቅ ሦስት ዓመት የተቀመጥነው የእኛ መምህራን ነው።

ውጤቱ በሬጅስትራር መዝገብ በወረቀት ስለ ነበረ በብዙ ድካም እንደገና ተጻፈ። በዚያ ሳምንት ግን ውጤታቸውን በስልካቸው ያጡ ሠልጣኞች ከሩቅ ወረዳ ድረስ በአካል መጡ፤ ከመካከላቸው ሕፃን አዝላ በመናኸሪያ ያደረች መምህርት ነበረች። ከዚህ የባሰው የሞጁሎቹ ነገር ነው። እኛ ሁላችን «ጋሼ» የምንላቸው፥ በዚያው ዓመት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት መምህር፥ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ማንበብና መጻፍ እንዴት እንደሚጀመር በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ያጠራቀሙትን ጽፈው ሰጥተውን ነበር። ደብተሩ በኮምፒውተር ተጽፎ በድረ ገጹ ላይ ወጣ፤ ደብተሩ ራሱ ግን ቢሮ በተለዋወጥንበት ጊዜ የት እንደ ገባ አልታወቀም። የጻፈው ኮምፒውተርም በቫይረስ ተበላሽቶ ነበር። ለጋሼ ይህን የሚነግር ሰው ጠፍቶ በመጨረሻ ዕጣው ለእኔ ደረሰ። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እንግዲህ እንደገና እጽፈዋለሁ፥ ዓይኔ ከፈቀደልኝ» አሉኝ። ዛሬ ስለ ሰርቨርና ስለ ገመድ የምናገረው ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ባነበብኩት ነው።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ነገሩን እንደ አስተማሪ ልበትነው። ድረ ገጽ ማለት በመሠረቱ ጽሑፍና ሥዕል ነው። ይህ ጽሑፍ ሌሊትና ቀን በማይዘጋ፥ ሰርቨር በሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ፥ ማንም ሰው በስልኩ ሲጠይቅ እየተገለበጠ ይላክለታል። ሰርቨር ገዝቶ፥ መብራትና ማቀዝቀዣ አዘጋጅቶ፥ የሚጠብቀውን ባለሙያ ቀጥሮ ማኖር ለአንድ ትምህርት ቤት ከባድ ስለ ሆነ ቦታ ከሌላ እንከራያለን። ባለሙያዎቹ ሆስቲንግ የሚሉት ይህን ነው፤ እኔ ዛሬ «ማሳደር» እለዋለሁ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታወቁ። አንደኛው ስሙ ነው፤ ይኸውም በበር ላይ እንደሚሰቀል የትምህርት ቤት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ማደሪያው፥ ማለት የተከራየነው ቦታ ነው። ሦስተኛው ጽሑፉ ራሱ ነው። ስሙና ጽሑፉ በእጃችን ካሉ፥ ማደሪያው ቢፈርስ እንኳ በአንድና በሁለት ቀን ሌላ ተከራይተን ሰሌዳችንን በዚያ እንሰቅላለን። እኛ ግን ሦስቱንም በአንድ ሰው ካርድ ላይ አንጠልጥለን ነበር። እንግዲህ «አገር ውስጥ ወይስ ውጭ» የሚለው ጥያቄ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሦስቱንም አንድ አድርጎ ይከራከራል።

አሁን እንደ ልማዴ በካርታው አጠገብ ልቁም። በመስተዋት ክር ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን በአንድ ሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በአየር መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ናይሮቢ ግን 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል። ስለዚህ ወደ ፍራንክፈርት የሚላክ መልእክት፥ ገመዱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ፥ ለደርሶ መልስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ አይልም። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት ስለ ሆነች መልእክቱ በየብስ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሌላ ጎረቤት አገር ይወጣል፤ ከዚያ በቀይ ባሕር ሥር ወደ ግብፅ፥ ከግብፅ በሜዲትራንያን ወደ ደቡብ አውሮፓ ይሻገራል። በዚህ ላይ የአንባቢው ስልክና ሰርቨሩ የመጀመሪያዋ ፊደል ከመምጣቷ በፊት ሦስትና አራት ጊዜ «ማነህ፥ እኔ ነኝ» ይባባላሉ፤ ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ይህ ግድ ነው። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን በአራት ሲባዛ 600 ሚሊ ሰከንድ፥ ማለት ከግማሽ ሰከንድ በላይ በሰላምታ ብቻ አለፈ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ግማሽ ሰከንድ ማንንም አይገድልም። የቅርብ ማደሪያ ፈጣን ነው እያሉ ዋጋ የሚያስወድዱ ነጋዴዎች ይህን አይነግሩንም። በወረዳ ያለ መምህር የሞባይል ዳታ በሜጋባይት ገዝቶ ነው የሚያነበው፤ ገጹን የሚያዘገይበትም ገንዘቡንም የሚበላበት ብዙ ጊዜ የገጹ ክብደት ነው። በእኛው አሮጌ ድረ ገጽ ፊት ላይ የምረቃ በዓል ፎቶግራፍ ነበረ፤ እንደ ተነሣ ሳይቀነስ የተጫነ ስለ ሆነ ሙሉ ሞጁል ከማውረድ ይልቅ እሱን መጠበቅ ይረዝም ነበር። በፎቶግራፉ መካከል ከነገሙሉ ልብሳቸው የቆሙት የበላዮቻችን ስለ ሆኑ ይነሣ የሚል አልተገኘም። ድረ ገጻችሁን ወደ አገር ውስጥ ልታዛውሩ የምታስቡ ሁሉ፥ በመጀመሪያ ፎቶግራፉን አሳንሱት።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላሉ። ቃሉ በዚህ ጉዳይ እውነት የሚሆነው በጎረቤቶች መካከል መንገድ ሲኖር ብቻ ነው። ለዚህ ከጎረቤታችን ከኬንያ የተሻለ ምስክር አላውቅም። ከሃያ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በናይሮቢ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከመንገድ ማዶ ላለ ሰው ኢሜይል ቢልክ፥ ሁለቱ የተለያዩ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ደንበኞች ከሆኑ፥ መልእክቱ በሳተላይት ባሕር ተሻግሮ እንደገና ወደ ናይሮቢ ይመለስ ነበር። ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ቦታ አልነበራቸውምና። በኅዳር 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) ተስማምተው በከተማይቱ አንድ የመለዋወጫ ጣቢያ ከፈቱ። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ብቸኛ መብት የነበረው የመንግሥቱ የስልክ ድርጅት መብቴ ተነካ ብሎ ስለ ከሰሰ ጣቢያው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተዘጋ። ከብዙ ክርክር በኋላ ፈቃድ አግኝቶ በየካቲት 1994 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥናት፥ በአገር ውስጥ የሚደረገው ደርሶ መልስ ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ወደ 2 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ መውረዱን ገልጧል። ኮምፒውተሮቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ በመካከላቸው መንገድ ተጠረገ እንጂ።

በእኛ አገር ለብዙ ዘመን አንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ ግን ከመምህራኑ ከፊሉ በአንዱ፥ ከፊሉ በሌላው ስልክ ያነባሉ። ስለሆነም አንድ የአገር ውስጥ አሳዳሪ ወደ ቢሮአችሁ መጥቶ ፕሮፎርማ ሲያቀርብ፥ ስለ ዋጋው ከመጠየቃችሁ በፊት ከሁለቱም ኩባንያዎች ጋር በአገር ውስጥ የተገናኘ እንደ ሆነ ጠይቁት።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ይኸኛው በራሳችን ላይ የደረሰ ነው። ከጥፋቱ በኋላ ሁለተኛውን ድረ ገጽ ለማቋቋም ዋጋ ስናሰባስብ አንድ ሻጭ «የአገር ውስጥ ሆስቲንግ» ብሎ አቀረበልን። ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ደረሰኙም የአዲስ አበባ ነው። የአይሲቲ መምህራችን የደርሶ መልሱን ጊዜ ሲለካ ግን ከ150 ሚሊ ሰከንድ በታች አልወርድ አለው። እኔም ካርታዬን ዘርግቼ ይህ የአውሮፓ ርቀት ነው አልኩ። ሰውዬው ሲጠየቅ፥ ቦታውን ከባሕር ማዶ በጅምላ ተከራይቶ በችርቻሮ እንደሚያከራይ በቀና ልብ ነገረን። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ብዙዎች የሚሠሩት ነው። ነገር ግን የሰርቨሩ ቦታ በውሉ ላይ በከተማው ስም ይጻፍ ባንል ኖሮ፥ አገር ውስጥ አሳደርን እያልን ባሕር ማዶ እናሳድር ነበር። ጊዜው የረዘመው መሣሪያው እዚህ ሆኖ መንገዱ በውጭ ዞሮ ስለሚመለስም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ቢሆኑ ሊጠየቅባቸው ይገባል።

ስለ ባሕሩ ገመድ ጥቂት ልጨምር። ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የባሕር ሥር የመስተዋት ገመድ ያገኘው ሲኮም የተባለው መስመር በሐምሌ 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009) ሲከፈት ነው፤ በዚያው ዓመት ቲምስ፥ በተከታዩም ኢሲ የተባሉት መስመሮች ተጨመሩ። ከዚያ በፊት የነበረው ሳተላይት ነው። ስለዚህ በገመድ ላይ ያለን እምነት ገና የአንድ ትውልድ ዕድሜ እንኳ የለውም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ ሩቢማር የተባለች በሁቲዎች ሚሳይል የተመታች መርከብ እየሰጠመች ስትንሳፈፍ መልሕቋ ጎትቶ እንደ በጠሳቸው ይታመናል። በዚሁ ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ሲኮምና ኢሲ በደቡብ አፍሪካ አቅራቢያ ተቆርጠው በኬንያ፥ በታንዛኒያና በሌሎችም አገሮች ኢንተርኔት ክፉኛ ተዳከመ። እንዲህ ባለው ቀን በአገር ውስጥ ያደረ ድረ ገጽ ለአገር ውስጥ አንባቢ ይከፈታል። ይከፈታል ስል አንድ ነገር ማስታወስ አለብኝ። ገጹ ራሱ እዚህ አድሮ የፊደሉን ቅርጽ፥ ካርታውን ወይም የመግቢያ በሩን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ ከሆነ፥ ግማሹ እየተከፈተ ግማሹ እየተንጠለጠለ ይቀራል። ይህን ባለሙያው እንዲያስተካክል ማዘዝ የእኛ ፋንታ ነው።

በገመድ መቆረጥ ሳይሆን በትእዛዝ የሚዘጋም ኢንተርኔት አለ፤ መምህራን ይህን ከማንም ይልቅ እናስታውሳለን። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ፈተናው ከተላለፈ በኋላ፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ፥ እንደገናም በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን መዘጋት ነበረ። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮም ለሦስት ሳምንት ያህል በአገሪቱ ሁሉ ተዘግቷል። እንዲህ ሲሆን በስልኩ የሚያነብ የወረዳ መምህር ገጹ እዚህም ይደር እዚያ አይከፍተውም። ልዩነቱ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ላለው የቀድሞ ተማሪያችን ነው፤ ባሕር ማዶ ያደረውን እሱ ያነበዋል። የማሠልጠኛችሁ ድረ ገጽ የምርምር መጽሔት የሚያወጣና አብዛኛው አንባቢው በውጭ የሚኖር ከሆነ፥ ይህ ቀላል ምክንያት አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የአይሲቲ መምህራችን የውጭውን የሚደግፍ ነበር፤ ከእኔም ጋር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከአንድ ወር በላይ ተከራክረናል። የእሱ ማስረጃ ጠንካራ ነው። በውጭ ያሉት ብዙዎች ዋጋቸው ዝቅተኛ ነው፤ በእኩለ ሌሊት ብትጽፍላቸው ይመልሳሉ፤ መብራት ጠፋ የሚል ቃል ከእነሱ አትሰማም። እኔም የመለስኩለት በሒሳብ ነው። የዓመቱ ኪራይ 60 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ ኪራዩ 3,420 ብር ይሆናል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ 100 ብር ሲያልፍ ያው ኪራይ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። በበጀት የሚተዳደር ትምህርት ቤት ባልፈቀደው ነገር በጀቱ ተናጋ ማለት ነው። ከዚያም ዶላሩን ማን ይከፍላል? ፋይናንስ ክፍላችን ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የለውም፤ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝም ገንዘብ አያወጣም። ስለዚህ ተመልሰን ወደ ውጭ ዘመድ እንሄዳለን። የዘመድ ካርድ ደግሞ ምን እንዳደረገን ነግሬአችኋለሁ።

በባሕር ማዶ ያለው ሁሉ አስተማማኝ ነው የሚለውንም እምነት መመርመር ያስፈልጋል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021) በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦ.ቪ.ኤች. ኩባንያ የሰርቨር ማእከል በሌሊት ተቃጠለ። ኩባንያው በአውሮፓ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። ባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ከነሰርቨሮቹ ጠፋ፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ድረ ገጾች ተዘጉ። በሌላ ቦታ ግልባጭ የነበራቸው በጥቂት ጊዜ ተመለሱ፤ ግልባጫቸውን እዚያው ግቢ ያኖሩት ወይም ከነጭራሹ ያልነበራቸው ግን ጽሑፋቸውን እስከ ዛሬ አላገኙም። ይህን ታሪክ ለጋሼ ባጫወትኳቸው ጊዜ፥ «እንግዲህ ፈረንጅም ደብተር ይጥላል» አሉ።

የአገር ውስጡን ደግሞ ሳሞግስ እውነቱን አልሸሽግም። መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ያልተነሣበት ቀን ገጹም አብሮ ይጠፋል። በዓልና እሑድ ስልክ የማያነሣ አለ። ዋጋውም ለተመሳሳይ ቦታ አንዳንድ ጊዜ ከውጭው ይበልጣል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ነገሩ ተለውጧል። በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ የግል የመረጃ ማእከሎች ተከፍተዋል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ራሱ የማሳደር አገልግሎት ይሰጣል። ከሁሉ በላይ እኔን ያሸነፈኝ ነገር ግን በር ማንኳኳት መቻሉ ነው። የውል ደብዳቤ በማኅተም ይጻፋል፤ ቅጂው በመዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ኪራዩ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ለአንድ ግለሰብ ሳይሆን ለዲኑ ጽሕፈት ቤት በቁጥርና በቀን ይመጣል፤ ካልተግባቡም የሚዳኝ የአገር ፍርድ ቤት አለ። ዲኑ ቢቀየሩ፥ እኔ ብዛወር፥ የአይሲቲ መምህሩ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ መዝገብ ቤቱ አይሄድም።

ሕጉም ይህን ያጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ አለበት፤ ወደ ውጭ አገር ለማስተላለፍም ሁኔታዎች ተቀምጠዋል። ኬንያና ኡጋንዳም በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. መካከል (እ.ኤ.አ. በ2019) እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተዋል። የሠልጣኝ ስም፥ ውጤት፥ የተመደበበት ቀበሌና ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው። ሕግ ባይኖርም እንኳ፥ አንዲት የሃያ ዓመት መምህርት ብቻዋን በምን ትምህርት ቤት እንደምታስተምርና በምን ስልክ እንደምትገኝ ለዓለም ሁሉ ገልጦ ማስቀመጥ ተገቢ እንዳልነበረ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። እኛ አድርገነው ነበር።

ከባልደረባዬ ጋር ያደረግነው ክርክር የተጠናቀቀው በእኩል ሽንፈት ነው። ውጤት፥ ምደባና የሠልጣኞች መረጃ በአገር ውስጥ እንዲያድር፥ በመግቢያ ቃል ካልሆነ በቀር ማንም እንዳያየው ተወሰነ፤ በዚህ እኔ ረታሁ። ለማንም የተፈቀዱት ሞጁሎች ደግሞ በአገር ውስጥ ባለው ገጽ ሆነው ግልባጫቸው ባሕር ማዶ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ በዚህ እሱ ረታ። የገጹ ስም በአገራችን መለያ፥ ማለት በነጥብ ኢቲ እንዲያበቃ ሆኖ በማሠልጠኛው ስም በደብዳቤ ተመዘገበ። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በዲኑ ካዝና ውስጥ አለ፤ ከእሳቸው ሌላ ሁለት ሰዎች ያውቁታል። በየወሩ መጨረሻ ሁሉም ነገር ወደ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ይገለበጣል፤ አንዱ በቤተ መጻሕፍት፥ ሌላው በንብረት ክፍል ይቀመጣል። በሴሚስተር አንድ ጊዜም ግልባጩ በእርግጥ የሚከፈት እንደ ሆነ እንፈትናለን። ይህን የመጨረሻውን ያስጨመርኩት በመጀመሪያው ፈተና ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ባዶ ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ሦስት ወር ሙሉ በመዝገብ ላይ «ተገልብጧል» ተብሎ እየተፈረመ ኖሯል።

ትንሽ ትምህርት ቤት፥ ምንም ባለሙያ የሌለው፥ ይህን ሁሉ ማድረግ እንደማይችል አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት የራሱን ድረ ገጽ ከማቋቋም ይልቅ በወረዳው ወይም በዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገጽ ላይ አንድ ክፍል ማግኘት የሚሻል ይመስለኛል፤ ብቻ የጽሑፉን ግልባጭ ርእሰ መምህሩ በእጁ ይያዝ።

ጋሼ ባለፈው ጥር ወር ምዕራፍ ሰባት ላይ ደርሰዋል። አንዱን ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው በሌላው ይጽፉ ነበር፤ አሁን በሁለቱም ያያሉ። የጠፋው መጽሐፍ አሥራ አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ እሳቸው እንደሚሉት አዲሱ የፊተኛውን አይመስልም፥ በሁለት ቦታ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። እኛም እያንዳንዱ ምዕራፍ እንደ ደረሰን እዚህም እዚያም እናሳድረዋለን። ደብተሩን ግን ከእንግዲህ ለማንም አይሰጡም። ራሳቸው በክንዳቸው ሥር ይዘው ይመጣሉ፤ ፎቶ ኮፒ ሲነሣ በማሽኑ አጠገብ ቆመው ገጹን ይቈጥራሉ፤ ቈጥረው ሲጨርሱ ደብተሩን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።